በከተማ ዳርቻ የሚሸጠው ጊዜ

ስለ ሙስና ሲነሳ ንግግሩ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ጫፎች ላይ ይቆማል። አንደኛው ጫፍ የሕዝብ ሀብት የመዘበረ ባለሥልጣን መታሰሩን የሚያበስር ዜና ነው፤ ሌላው ደግሞ «ትውልዱ ተበላሽቷል፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ጠፍቷል» የሚለው የየዕለቱ ምሬት ነው። እኔ በምኖርበት በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከአያት ባሻገር ባሉት መንደሮች፣ ሰዉ በየጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ የሚጋፈጠው ሙስና ግን ከሁለቱም የተለየ መልክ አለው። እዚህ በዋናነት የሚሸጠው ጊዜ ነው። ባለጉዳዩን «አይገባህም» የሚለው የለም፤ «ነገ ተመለስ» ይባላል፣ ያ ነገ ደግሞ ዋጋው እስኪከፈል ድረስ አይነጋም። ሙስናን የመቀነሱ ሥራ ከዚህ «ነገ» መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ለምን እንደማምን በዝርዝር ላስረዳ።

በቅድሚያ ነገሩ በከተማ ዳርቻ ለምን እንደሚበረታ ማየት ያስፈልጋል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ፣ ኋላም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ከደነገገ ወዲህ፣ ለከተማ ነዋሪ ቦታ የሚሰጠውም የሚያነሳውም መንግሥት ብቻ ነው። ከተማው ሲሰፋ ከእርሻው የሚነሳው ገበሬ የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሳ የሚሰላው ከምርቱ ነው። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 455/1997 የ5 ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ይባዛለት ነበር፤ አሁን በሥራ ላይ ባለው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው የአንድ ዓመት ገቢው በ15 ይባዛለታል። ያው መሬት ተሸንሽኖ በሊዝ ጨረታ ሲወጣ የሚያወጣው ዋጋ ከዚህ ስሌት ጋር የሚተያይ አይደለም። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት ውስጥ ደግሞ ልኬት የሚወስድ፣ የተነሺ ዝርዝር የሚመዘግብ፣ ማኅደር የሚያደራጅና ካርታ ላይ የሚፈርም ሰው ሁሉ ተቀምጧል። ሮበርት ክሊትጋርድ የተባሉት የምጣኔ ሀብት ምሁር ሙስና የሚበቅለው አንድ አካል አገልግሎቱን ብቻውን ሲይዝ፣ የፈለገውን የመወሰን ሥልጣን ሲኖረውና ለውሳኔው የሚጠይቀው ሲያጣ ነው ይላሉ። ሦስቱም በአንድ ላይ ተሟልተው የሚገኙበት ቦታ ይፈለግ ከተባለ፣ በከተማ ዳርቻ ያለ የመሬት ጉዳይ ቢሮ ከመጀመሪያዎቹ ተርታ የሚሰለፍ ይመስለኛል።

በዚህ ላይ የሰነድ አልባ ይዞታዎች ጉዳይ አለ። አንድ ቤት ከ1997 ዓ.ም. በፊት የተሠራ ስለመሆኑ ከሚታይባቸው ማስረጃዎች ዋነኛው የአየር ፎቶ ነው። ፎቶው ላይ የሚታየው ጥቁር ነጥብ ጣሪያ ነው ወይስ የዛፍ ጥላ የሚለውን የሚወስነው የአንድ ባለሙያ ዓይን ሲሆን፣ በዚያ ዓይን የአንድ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ጥሪት ይጸናል ወይም ይፈርሳል። የአስተዳደር ወሰንም በእኛ አካባቢ ይቀያየራል። በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቀንሶ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም፣ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደግሞ አዲስ አበባና ኦሮሚያ በወሰን ተስማምተው ኮዬ ፈጬን የመሳሰሉ ሰፈሮች ወደ ኦሮሚያ ሲካለሉ፣ አስተዳደሩ በተለወጠ ቁጥር የነዋሪው ጉዳይና ሰነድም አብሮ ይዛወራል። ማኅደር ከቢሮ ወደ ቢሮ በተጓጓዘ ቁጥር «የት ነው ያለው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ዋጋ ያወጣል። ይህ የማንም ሰው ክፋት የፈጠረው ችግር አይደለም፤ ክፉ ሰው ግን ወዲያው ይጠቀምበታል።

በዕድሜ የገፉ አንዲት ጎረቤቴ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ የቤቱን ስም ለማዛወር በአንድ ጽሕፈት ቤት ሲመላለሱ ያየሁትን ልናገር። የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ በእጃቸው ነበር፤ የቦታና የቤት ግብሩም በየዓመቱ ተከፍሎ ካርኒው ሳይጎድል ተቀምጧል። የሚቀረው ማኅደሩን አውጥቶ ማገናዘብ፣ ልኬቱን ማረጋገጥና መፈረም ብቻ ነበር። መጀመሪያ ክሊራንስ ጎድሏል ተባሉ፤ አመጡ። ቀጥሎ ባለሙያው መስክ ወጥቷል ተባሉ። ከዚያ ሲስተም የለም፣ ከዚያም ማኅደሩ አልተገኘም ተባሉ። ማኅደሩ አልተገኘም በተባሉበት ዕለት፣ ከአጥሩ ውጭ ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጠ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ «እማማ፣ በዚህ ዕድሜዎ ለምን ይንከራተታሉ? ጉዳዩን ለእኔ ይተዉልኝ፤ በሳምንት ውስጥ ካርታዎን ቤትዎ ድረስ አመጣልዎታለሁ» አላቸው። የማኅደራቸውን ቁጥር እሳቸው ሳይነግሩት ያውቀው ነበር። ገንዘቡን ዓረብ አገር ያለች ልጃቸው ላከች፤ ጠፍቷል የተባለው ማኅደርም ተገኘ።

ያ ወጣት ቁጥሩን ማወቁ የነገሩን አሠራር ሁሉ ይናገራል። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ገንዘብ በእጁ አይነካም፤ ባለጉዳይዋንም ጉቦ አልጠየቃቸውም። የጠየቃቸው ጉዳይ አስፈጻሚው ነው፤ እሱ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለም። ስለዚህ በዚያች ሴት ላይ በደል ፈጸመ ተብሎ የሚጠቆም ሰው በወረቀት ላይ የለም። የበለጠ የሚከፋው ደግሞ መዘግየቱ ለእሳቸው ብቻ ተብሎ የሚፈጠር አለመሆኑ ነው። ፍጥነት እንዲሸጥ በቅድሚያ ሁሉም ሰው መዘግየት አለበት። ሥራውን በሰዓቱ የሚጨርስ ቅን ሠራተኛ ገበያውን ስለሚያበላሽ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር፣ ወይም በባልደረቦቹ ሲገለል አይተናል። እንዲህ ባለ ቢሮ ውስጥ ሐቀኛ ሆኖ መኖር ራሱን የቻለ ተጋድሎ ነው፤ ከፍሎ ጉዳዩን የሚጨርሰው ባለጉዳይም ቢሆን ሳያውቀው የሚቀጥለውን ሰው ወረፋ ያስረዝማል።

ጎረቤቴ የከፈሉት የራሳቸው የሆነውን ለማግኘት ነው። የማይገባን ነገር ለማግኘት የሚከፈለው ጉቦ ሌላ ነው፤ ሁለቱን ለይቶ ማየት ለመፍትሔው ወሳኝ ነው። በመጀመሪያው ዓይነት ተበዳዩ በአካል ይታወቃል፤ ቢመቻችለት ይናገራል። በሁለተኛው ዓይነት ግን ሰጪም ተቀባይም አትራፊ ስለሆኑ ከሁለቱ አንዱም አይናገርም፤ ተበዳዩ ደግሞ በዚያ ክፍል ውስጥ ያልነበረው ሕዝብ ነው። ካውሺክ ባሱ የተባሉት የምጣኔ ሀብት ባለሙያ የሕንድ መንግሥት ዋና የኢኮኖሚ አማካሪ በነበሩበት በ2011 እ.ኤ.አ. አንድ ሐሳብ አቅርበው ነበር። የሚገባውን ለማግኘት ተገድዶ ጉቦ የከፈለ ሰው እንደ ወንጀለኛ አይቆጠር፣ ገንዘቡም ይመለስለት፣ ያኔ ተቀባዩን ለመጠቆም አይፈራም የሚል ነው። ሐሳቡ ብዙ ተቃውሞ ገጥሞታል፤ እኔም እስከ መጨረሻው አልከተለውም፣ ምክንያቱም መስጠት ነውር መሆኑ የቀረ ዕለት የሚያመነታው ሰውም መስጠት ይጀምራል። መነሻው ግን እውነት ነው። ጎረቤቴ «እኔም አብሬ እከሰሳለሁ» ብለው እስከፈሩ ድረስ ስለዚያ በረንዳ በየትም ቦታ አይመሰክሩም። የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ወጥቶ ሳለ፣ በእኛ መንደር እንዲህ ያለ ሕግ መኖሩን ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አለማግኘቴ ያሳዝነኛል።

የሁለተኛውን ዓይነት ጉዳት ለማየት የ2014ቱን የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ማስታወስ ይበቃል። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የ25,491 ቤቶች ዕጣ በኮምፒዩተር ወጣ፤ ከተወዳዳሪዎቹ መካከል በ1997 ዓ.ም. ተመዝግበው፣ ከቤት ኪራይ ላይ ቆጥበው ዕድላቸውን ሲጠባበቁ የኖሩ ነበሩበት። ቀናት ሳይቆዩ ለዕጣው ብቁ ያልሆኑ ሰዎች በመረጃው ውስጥ እንዲገቡ መደረጉን የከተማው አስተዳደር ራሱ ይፋ አደረገና ዕጣው ተሰረዘ፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። በመጀመሪያው ዕጣ ስማቸውን አይተው ዘመድ አዝማድ ጠርተው እልል ያሉ፣ በሁለተኛው ግን ያልወጣላቸው ሰዎች በመካከላችን ይኖራሉ። ለእነሱ ማጭበርበሩ መጋለጡ ትክክለኛ እርምጃ መሆኑን ማስረዳት ቀላል አይደለም፤ እርምጃው ግን ትክክል ነበር። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ኮምፒዩተር በራሱ ሐቀኛ አለመሆኑን ነው። መረጃውን ማን እንዳስገባ፣ መቼ እንዳስገባና ማን እንደቀየረ የሚያሳይ፣ ከቢሮው ውጭ ያለ አካል የሚያየው መዝገብ ከሌለ፣ ማጭበርበሩ ከወረቀት ወደ ስክሪን ተዛወረ እንጂ አልቀረም።

«ደመወዛቸው አይበቃቸውም፤ ምን ይብሉ?» የሚለው መከራከሪያም አለ፤ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር እስኪያድግ ድረስ የነበረውን ኑሮ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ካደገም በኋላ የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ አብሮ ሮጧል። ደሃ ሠራተኛ ማቆየት ለአገር አይበጅም። ነገር ግን ደመወዝ ብቻውን ጉቦን አያስቀርም። ጋና በ2010 እ.ኤ.አ. የፖሊሶቿን ደመወዝ በእጥፍ አሳደገች፤ የጭነት መኪኖችን ጉዞ ተከታትለው ያጠኑ ተመራማሪዎች ግን ፖሊሶቹ በየኬላው የሚሰበስቡት ገንዘብ ከፍ ማለቱን ነው ያገኙት። ደመወዝ ሲጨምር ተጠያቂነቱም አብሮ ካልጨመረ ሰውየው የለመደውን አይተውም።

እኔን ከሁሉ በላይ ተስፋ የሰጠኝ በዴልሂ ድሃ መንደሮች የተደረገ ሙከራ ነው። ሊዮኒድ ፔይሳኪንና ፖል ፒንቶ የተባሉ አጥኚዎች የመንግሥት የራሽን ካርድ (ድሆች እህል በድጎማ ዋጋ የሚገዙበት ካርድ) ለማውጣት የሚያመለክቱ ነዋሪዎችን በቡድን ከፈሉ። አንዱ ቡድን አመልክቶ ዝም ብሎ ጠበቀ፤ አንዱ ጉቦ ከፈለ፤ አንዱ ከመንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት የድጋፍ ደብዳቤ አያያዘ፤ አንዱ ደግሞ የሕንድን የመረጃ ነፃነት ሕግ ተጠቅሞ «ማመልከቻዬ የት ደረሰ? ለምንስ ዘገየ?» የሚል ጥያቄ በጽሑፍ አስገባ። ጉቦ የከፈሉት ካርዳቸውን በፍጥነት አገኙ። በጽሑፍ የጠየቁት ግን ከእነሱ ብዙም ሳይርቁ፣ ምንም ሳይከፍሉ አገኙ፤ ዝም ብለው የጠበቁት አብዛኞቹ ዓመት ሊሞላ ሲቃረብም ገና እየጠበቁ ነበር። እነዚህ በቀን ሥራ የሚተዳደሩ፣ ባለሥልጣን ዘመድ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ባለሙያው ማመልከቻቸውን ያነሳው ስለራራላቸው አይመስለኝም፤ ስሙ ተጠቅሶ ለጥያቄ መልስ መስጠት ግዴታው እንደሆነ ስላወቀ ነው። መዘግየቱ ባለቤት ሲያገኝ መሸጡ ይከብዳል።

እኛም አገር መረጃ የማግኘት መብት በሕግ ተደንግጓል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካላት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ ቁጥር 668/2002 የተመዘገበው የባለሥልጣናት ሀብት መረጃ ለሕዝብ ክፍት እንደሆነ ይደነግጋል። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣኑ በ2008 ዓ.ም. ወደ ፖሊስና ወደ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሲዛወር ዋና ሥራው ማስተማርና መከላከል ሆኗል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ደግሞ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ብሔራዊ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከ2019 እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ኢትዮጵያ በትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል የሙስና መለኪያ፣ 100 ከሙስና የጸዳ ማለት በሆነበት፣ ያገኘችው ነጥብ ግን ከ100 በ37 እና በ39 መካከል ሲመላለስ ቆይቷል። ሕግ አልጠፋም። በእኔ እይታ የጠፋው ሕጉን በየወረዳው መስኮት ላይ የሚጠራው ሰው ነው፤ መብቱ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይኖራል፣ ባለጉዳዩ ግን ባዶ እጁን ይቆማል።

ይህን ስል «ባህላችን ነው፤ አይለወጥም» የሚሉ ወዳጆቼን አስባለሁ። በዚሁ መንደር ያለውን እድር ይመልከቱልኝ። የዚያው ማኅበረሰብ ሰዎች ናቸው፤ ገንዘቡ ቀላል አይደለም፤ ደመወዝ የሚባል ነገርም የለም። ገንዘብ ያዡ ብቻውን ከባንክ ማውጣት አይችልም፤ ዳኛውና ጸሐፊው አብረው ይፈርማሉ። ማን ስንት እንደከፈለ፣ ለማን ሐዘን ምን እንደወጣ በጉባኤ ፊት ይነበባል፤ «ድንኳኑ መቼ ተከራየ? ገንዘቡስ የት ገባ?» ብሎ የሚጠይቅ አባል አይጠፋም። ለተቸገረ የሚሰጠው ገንዘብ ቀኑ የታወቀ ስለሆነ፣ ሐዘንተኛ «ነገ ተመለሱ» ተብሎ አያውቅም። በእድርም ውስጥ የሚያጎድል አይጠፋም፤ ሲያጎድል ግን ቶሎ ይታወቃል። ሰዎቹ ያው ሆነው የአሠራሩ ግልጽነት ሌላ ውጤት ካመጣ፣ ችግሩን ሁሉ በባህል ላይ መጫን ፍትሐዊ አይደለም። ኡጋንዳ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሚላከው የነፍስ ወከፍ በጀት በአማካይ 13 በመቶው ብቻ ይደርሳቸው ነበር፤ ለየአውራጃው የተላከው ገንዘብ በጋዜጣ መታተም ከጀመረ በኋላ በ2001 እ.ኤ.አ. ከ80 በመቶ በላይ መድረስ ችሏል።

በዚህ መነሻነት የመንደራችን የነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴ አንድ አሠራር ጀምሯል። ጉዳዩ የዘገየበት ሰው ብቻውን መስኮት ላይ እንዳይቆም እናደርጋለን። በቅድሚያ ጥያቄው በአንድ ገጽ ይጻፋል፤ ምን እንደተጠየቀ፣ መቼ እንደቀረበ፣ ምን ምን ሰነድ እንደተያያዘ ይዘረዘራል። ደብዳቤው በመዝገብ ቤት በኩል ይገባል፤ የሁለተኛው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ተጽፎ ማኅተም እንዲያርፍበት አጥብቀን እንጠይቃለን። ከግርጌው «ግልባጭ» ተብሎ ለበላይ ቢሮው፣ ለቅሬታ ሰሚውና አስፈላጊ ሲሆን ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይላካል። በቢሮ የሠራ ሁሉ የግልባጭን ኃይል ያውቃል፤ ሠራተኛው ለባለጉዳዩ የማይሰጠውን መልስ ለግልባጩ ሲል ያዘጋጃል። ጉዳዩ ውድቅ ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠን እንላለን፤ በቃል የተነገረ «አይሆንም» ነገ ይካዳል፣ ይግባኝም አይባልበትም። ሁሉም ጉዳይ በዚህ መንገድ ተፈቷል ብዬ አልዋሽም። አንዳንዱ ደብዳቤ እስካሁን መልስ አላገኘም፤ «አካባቢውን እያሳመጻችሁ ነው» ተብለንም እናውቃለን።

በየጽሕፈት ቤቱ መግቢያ ላይ የዜጎች ቻርተር ተሰቅሏል። ስም ለማዛወር ይህን ያህል ቀን፣ ለልኬት ይህን ያህል፣ ለክሊራንስ ይህን ያህል ደቂቃ እያለ በሠንጠረዥ ይዘረዝራል። ሰሌዳው ጥሩ ነው፤ ከተሰቀለ በኋላ ግን የሚለካበት ሰው አላየሁም። አሁን የመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በመስፋፋት ላይ ስለሆነና ክፍያም በቴሌብርና በባንክ እየሆነ ስለመጣ፣ ጉዳዩ የገባበትና ያለቀበት ቀን በሲስተም ውስጥ ይመዘገባል። ስለዚህ በሚቀጥለው የወረዳ የሕዝብ መድረክ ላይ የምናቀርበው ጥያቄ ተዘጋጅቷል። በየወሩ ስንት ጉዳይ ገባ፣ ስንቱ በቻርተሩ ጊዜ ውስጥ አለቀ፣ ስንቱስ ከጊዜው አለፈ የሚለው ቁጥር በዚያው ሰሌዳ አጠገብ ይለጠፍልን እንላለን። ከጊዜው ያለፈው እያንዳንዱ ጉዳይ በየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደቆየም ይጻፍ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ «የሰው ኃይል የለኝም፤ ባለሙያ ለቆብኛል» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። እንግዲያው የትኛው ጠረጴዛ ሰው እንደጎደለው ቁጥሩ ራሱ ያሳያቸዋል፤ ተጨማሪ ባለሙያ እንዲቀጠርላቸው እኛም በፊርማችን እንጠይቅላቸዋለን። ይህን የምታነቡና በሌላው የከተማ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በሃና ማርያምም ሆነ በጀሞ የምትኖሩ፣ በየወረዳችሁ መድረክ ላይ ይህንኑ ቁጥር ጠይቁ። የደብዳቤውን ናሙና ለሚፈልግ ሁሉ እልካለሁ።